የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጭንቀት ከሥራዋ አደላደል ይጀምራል

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው በበርካታ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም በደረሱበት ሰሞን ስለ ሐኪምና ስለ ነርስ ኑሮ ብዙ ተባለ። መባሉ ተገቢ ነበር። በሆስፒታል ግቢ የማትታይ፣ ከዋናው መንገድ ርቃ በቀበሌ ጤና ኬላ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ግን የንግግሩ ዳር ላይ እንኳ እምብዛም አልተነሣችም። እሷም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለ እሷ ድካም ሲወራ ደግሞ የአእምሮ ጤናዋ የመጨረሻው ርዕስ ነው።

እንዲህ ያለች ሠራተኛ ስትዝል፣ በትንሹ በትልቁ ስትቆጣ፣ ወይም ሥራውን ጥላ ስትሄድ ምክንያቱ የሚፈለገው ከራሷ ነው። ተነሣሽነት ጎደላት፣ ጽናት የላትም ይባላል። መድኃኒቱም እንደ ምርመራው ነው፤ የአንድ ቀን የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና፣ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት፣ «አይዞሽ፣ በርቺ»። ይህ አካሄድ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሴቲቱን የሚያደክማት በዋናነት ሥራው የተደለደለበት መንገድ ነው። ምን ያህል ተጫነባት? ከተጫነባት ውስጥ በራሷ የምትወስነው የትኛውን ነው? ስታዝን አጠገቧ ማን አለ? ሥራውስ በስንት ሰዓት ያበቃል? የአራቱም መልስ የሚገኘው ሥራውን ከሚያቅዱት ዘንድ ነው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ያኔም ብልህ ነበር፣ ዛሬም ነው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከሚኖሩበት ቀበሌ ተመርጠው ለአንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው በቀበሌያቸው ጤና ኬላ ይመደባሉ፤ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም ተመልምለዋል። አንድ ጤና ኬላ 5 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታሰበ፤ አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ደመወዝ የሚከፈላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው በየገጠሩ ተሰማሩ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የእነዚህ ሴቶች እግር ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ሥራው ሲጀመር በ16 የጤና ፓኬጆች የተከፈለ ነበር። አብዛኛው መከላከልና ማስተማር ነው፤ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ማስከተብ፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የወባ መከላከል፣ የእናቶች ክትትል። ከዚያ በኋላ ሥራው በየጊዜው አደገ። እ.ኤ.አ. በ2009 በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ማስገባት ተጨመረ። በ2010 ገደማ የሕፃናትን የሳንባ ምች በመድኃኒት ማከም መጣ። በ2013 ደግሞ በከባድ ኢንፌክሽን የተያዘ ጨቅላ ወደ ላይ መላክ በማይቻልበት ጊዜ እዚያው ማከም ተከተለ። ፓኬጆቹም 18 ደረሱ። እያንዳንዱ ጭማሪ ሕይወት አድኗል፤ አንዱንም አልቃወምም። የምቃወመው አዲስ ሥራ ሲመጣ «የትኛው ይውጣላት?» ተብሎ አለመጠየቁን ነው።

በዚህ ላይ ሕዝቡ አድጓል። ሁለት ሴቶች ለአንድ ቀበሌ የሚለው ድልድል ሲወጣ የአገሪቱ ሕዝብ 70 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። በብዙ ቀበሌ ሠራተኞቹ ያው ሁለት ናቸው። ከሁለቱም አንዷ ወሊድ ላይ፣ ሥልጠና ላይ ወይም ስብሰባ ላይ የምትሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በቅርብ እንየው። የክትባት ቀን ነው እንበል። ጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ከሌለው ሠራተኛዋ ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሳጥን ይዛ ለመምጣት ሳይነጋ ትነሣለች። ጓደኛዋ ወረዳ ተጠርታለች። ስትደርስ እናቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ከመጡት ሕፃናት ለኩፍኝ ክትባት የደረሱት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አሥር ሕፃናት የሚያስከትብ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ብትከፍተው ሰባት ሰው የሚበቃ ክትባት ይደፋል። ባትከፍተው ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት ልጇን አዝላ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ዳግመኛ ላትመጣም ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። የብክነቱን መጠን የምትመዘግበው፣ «ለምን በዛ?» ተብላ የምትጠየቀው ግን እሷ ናት። የሽፋኑ ቁጥር ሲያንስ የምትጠየቀውም እሷው ናት።

እሷ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከቀበሌ መልእክተኛ ይመጣል፤ ስብሰባ አለ፣ ሕዝብ ቀስቅሺ። አጀንዳው ሁልጊዜ ጤና አይደለም፤ ግብር ይሆናል፣ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ዘመቻ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ የቤት ለቤት ጉብኝት አለ። ማታ ደግሞ መዝገቡ ይጠብቃታል፤ የየቤተሰቡ ማህደር፣ የእናቶች መዝገብ፣ የሕፃናት መዝገብ፣ የወሩ ሪፖርት። መረጃውን ለማቅለል ታብሌት በተሰጠበት ቦታም ወረቀቱ ቶሎ ስላልቀረ፣ አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ መጻፍ የተለመደ ሆነ። ተኝታ ሳለች በር ቢንኳኳ የምትከፍተው እሷ ናት፤ መኖሪያዋ እዚያው ነውና። ምጥ የያዛት ሴት ባል «ቢሮ ሲከፈት እመለሳለሁ» አይልም፤ ሊልም አይገባም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ አጥንቶ ያቀረበው ሐሳብ ይህን ቀን ለመረዳት ይረዳል። የሥራ ብዛት ብቻውን ሰውን እንደማይሰብር አሳየ። ሥራ በዝቶበት በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ይደክማል፣ ግን ይማራል፣ ያድጋል። በጣም የሚጎዳው ብዙ የሚጠየቅና ጥቂት የሚወስን ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት፤ ብዙ እየተጠየቀ፣ ሳይወስን፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው የባሰ ይጎዳል። የክትባቷን ቀን በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች ብንመዝናት በሦስቱም ትወድቃለች።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ በሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ የግለሰብ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹን ሦስት ያደርጋቸዋል፤ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መራራነት፣ «የምሠራው ምንም ፋይዳ የለውም» የሚል ስሜት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ያወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ደግሞ ለጤና ባለሙያዎች የሥራ ጫናን መቀነስን፣ የሥራ ሰዓት ማስተካከልን፣ የቡድን ሥራንና መግባባትን ማሻሻልን በምክረ ሐሳብ አስቀምጧል። በጉዳዩ ላይ ያለው ማስረጃ ገና የሳሳ በመሆኑ ምክሩ በጥንቃቄ ቃል የተጻፈ ነው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው ይታይ።

የጫና ገደብን በተመለከተ ከነርሶች ዓለም የምንማረው አለ። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ጥናት፣ አንዲት ነርስ በምትንከባከባቸው ታማሚዎች ላይ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር በሥራ የመዛል ዕድሏ በ23 በመቶ፣ ታማሚው ከገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ካሊፎርኒያ አንዲት ነርስ የምትይዘውን የታማሚ ቁጥር የሚገድበውን ሕግ ቀደም ብላ ብታወጣም ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከሁለት ታማሚ በላይ እንዳትይዝ ተደነገገ። የአገሪቱን ሀብት ከእኛ ጋር አላወዳድርም። መርሁን ግን እወስዳለሁ፤ «ይበቃል» የሚለው መስመር ሠራተኛዋ በራሷ ተጋፍጣ የምታስከብረው ሳይሆን አስቀድሞ ተጽፎ የሚጠብቃት መሆን አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሳምንት ስንት ቤት ትጎብኝ? በወር ስንት ቀን ለስብሰባ ትጠራ? ከጤና ውጭ ለሆነ ሥራ ማን ያዝዛት፣ ማንስ አይዘዛት? ይህን አንድ ገጽ ላይ ጽፎ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የቀበሌው አስተዳዳሪ እንዲፈርሙበት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ሞት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታገለግለው ሕዝብ የገዛ ሕዝቧ ነው። የተመረጠችውም ለዚሁ ነው። አንዲት እናት በወሊድ ስትሞት፣ ሟቿ በልጅነት አብራት ውኃ የቀዳች ልትሆን ትችላለች። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል፤ እሷም ትቀመጣለች። ግን እንደ ሌላው ሰው መቀመጥ አይሆንላትም። በለቅሶው ቤት «ክትትል ታደርግላት አልነበረም ወይ?» የሚል ዐይን አለ። ሰው ባይጠይቃት ራሷ ትጠይቃለች፤ እግሯ ማበጡን ሳይ ወዲያው ብልካትስ? አምቡላንሱን ቀደም ብዬ ብደውልስ? ከዚያ ደግሞ የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ የሚባለው ሥርዓት አለ። ሞቱ መመዝገብ አለበት፤ ቤተሰቡ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱ መጣራት አለበት። ሥርዓቱ ጥፋተኛ ለመፈለግ አልተዘረጋም፤ ቀጣይዋን እናት ለማዳን ነው፤ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን ያዘነችው ሴት ቅጽ ይዛ ወደ ሐዘኑ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ስትቆም፣ ሐዘኗን የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

ይህን ሳስብ የምመለሰው ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በለንደን አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወደ ሠራችው ጥናት ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተማሪ ነርሶች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጥለው ይሄዱ ነበር፤ ሆስፒታሉ ምክንያቱን ፈለገ። ሜንዚስ ያገኘችው ነገር ያስገርማል። ሆስፒታሉ ነርሶቹን ከሐዘንና ከፍርሃት ለመጠበቅ ብሎ ሥራውን በጣጥሶት ነበር። አንዲት ነርስ ለብዙ ታማሚ ትንሽ ትንሽ ተግባር ትፈጽማለች፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ አትሆንም። ታማሚው በስሙ ሳይሆን «የአሥር ቁጥር አልጋው ጉበት» ተብሎ ይጠራል። እያንዳንዱ ውሳኔ ይታረማል፣ እንደገና ይታረማል። ጭንቀቱ ግን አልቀነሰም። የጠፋው አንድ ሰው በእጇ ሲድን የማየት ደስታ ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ሥራው ባዶ ድካም ሆነ። ከሚሄዱት ውስጥ ጎበዞቹ እንደሚበዙም ታዝባለች።

የእኛ ዕቅድና ሪፖርት ወደዚያው እየጎተተን እንዳይሆን እፈራለሁ። ሠራተኛዋ እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር በስም ታውቃለች፤ የምትገመገመው ግን በመቶኛ ነው። 92 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 71 በመቶ ከሆነ ቀይ ነው። ያዳነቻት እናት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ በስሟ አትወጣም። ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያለ ቁጥር መድኃኒት እንኳ መመደብ አይቻልም። ግምገማው ሁሉ ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን ሠራተኛዋን በሥራው ውስጥ ያቆያት የነበረው ነገር ይነጠቃል። በወሩ ግምገማ ላይ ከቁጥሩ አስቀድሞ «በዚህ ወር የረዳሽውን አንድ ሰው ንገሪን» ማለት ምን ያህል ደቂቃ ይወስዳል?

ሐዘኑን በተመለከተ ፈጣን መፍትሔ የለም፤ የሚመስሉትም ሊያሳስቱን አይገባም። ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ ሰውን ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ እንዲያወራ ማድረግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አይጠቅምም ብሎ የማይመክረው አሠራር ነው። የሚረዳው በፈለገች ጊዜ የምታወራው፣ የምታውቀው ሰው መኖሩ ነው፤ የማይቋረጥ ጊዜና ቦታም መኖሩ። ከቦስተን ተነሥቶ በብሪታንያ ሆስፒታሎች የተስፋፋ አንድ ልማድ አለ፤ ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ ያሉ ባልደረቦች በየጊዜው ተሰብስበው ስለ ሕክምናው ሳይሆን ሥራው በልባቸው ስላደረሰው ይነጋገራሉ። ውሳኔ አይተላለፍም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝም።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆነው ቀን ቀድሞውንም አለ። የአምስቱ ጤና ኬላ ሠራተኞች ሪፖርት ይዘው በየወሩ ጤና ጣቢያ ይገናኛሉ። ከዚያ ቀን አንድ ሰዓት ተነሥቶ ለእነሱ ብቻ ይሰጥ፤ ኃላፊዎች ከክፍሉ ይውጡ፣ ከሠራተኞቹ አንዷ ትምራው። አሥር ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ያየችውን ሌላዋ አይታዋለች። የእናት ወይም የጨቅላ ሞት ሲያጋጥም ደግሞ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ከቅጹ በፊት፣ ለብቻዋ ወደ ጤና ኬላው ትምጣ። የሐዘኑን ቤት ጥያቄ የምትጠይቀውም ሌላ ባለሙያ ትሁን እንጂ የሟች ጎረቤት አትሁን። ይህ የመጨረሻው በግድ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ድጋፋዊ ክትትልም እንደ ስሙ ድጋፍ ይሁን። በየወረዳው የሚደረገው ጉብኝት ብዙ ጊዜ በቅጽ ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ መዝገቡ አለ፣ የለም፤ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፣ አልተለጠፈም። ያው ሰው መርማሪም አማካሪም ሲሆን ማንም ሴት ድክመቷን አትነግረውም። ውጤት የሚሰጠውና ድጋፍ የሚሰጠው ሰው ይለያዩ።

ስለ ሥልጣን የኔዘርላንድሱ ቡርትዞርግ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በነርሱ ዮስ ደ ብሎክ የተመሠረተው ይህ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ከ12 የማይበልጡ ነርሶችን በቡድን ያደራጃል፤ ማን ማንን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጎበኝ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነርሶችን ይዞ በጥቂት የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ይተዳደራል። እኛ ጋር ሁሉም ነገር ይገለበጥ አልልም። የሳምንቱን የጉብኝት ቅደም ተከተል ሁለቱ ሠራተኞች ቢያወጡ፣ ጤና ጣቢያው አይቶ ቢያጸድቀው፣ በሳምንቱ መሐል ከላይ የሚመጣ ጥሪ ደግሞ በምን ምክንያት እንደሚለውጠው ቢጻፍ ግን ማን ይጎዳል?

ስለ ደኅንነት አጭር ቃል። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጦርነቱ ጤና ኬላዎችን ዘርፏል፣ አውድሟል፤ በየቦታው የሚቀጥለው ግጭትም መንገዱን ለሴት አስፈሪ አድርጎታል። ብቻዋን ወደ ሩቅ ጎጥ አትላክ። ስለ ደመወዝም አይረሳ፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ደመወዝን አይተካም፤ ልጇን ማብላት የከበዳትን ሴት በቡድን ውይይት ማጽናናት አይቻልም። ዝውውርም እንዲሁ ነው፤ ከቀበሌዋ ስለተመረጠች ብቻ ትዳሯና ልጆቿ ሌላ ቦታ ሲሆኑ ለዓመታት «ተተኪ የለም» እየተባለች መቆየት የለባትም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቀው የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ አንዳንድ ጤና ኬላዎችን ሰፋ አድርጎ ነርስና አዋላጅ ሊጨምርላቸው አስቧል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ብቸኝነቱን ከሥሩ ሊነቅል የሚችል ነውና። ባለሙያ ሲጨመር አዲስ ሥራ ብቻ እየተጨመረ ከሄደ ግን ያው ቀን በአራት ሰው ይደገማል። በየአዲሱ ኃላፊነት ላይ ሁለት ጥያቄ ይጻፍ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል? ያ ሰዓት ከየትኛው ሥራ ይነሣል? መልስ ከሌለው አይጀመር።

ዛሬ ሊጀመር የሚችል፣ በሒሳብም የሚረጋገጥ አንድ ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በአገልግሎት ዘመን እየጨመረ 30 ይደርሳል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ባሉ አምስት ጤና ኬላዎች አሥር ሠራተኞች አሉ። ሁሉም ዝቅተኛውን ፈቃድ ብቻ ቢወስዱ 200 የሥራ ቀን ነው፤ ነባሮቹ ሲበዙ ወደ 300 ይጠጋል። አንድ ሰው በዓመት ከሚሠራው 250 ገደማ ቀን ጋር ስናነጻጽረው፣ የፈቃዱ ቀን ብቻ የአንድ ሙሉ ሠራተኛ ሥራ ነው። የ120 ቀኑን የወሊድ ፈቃድ ገና አልቆጠርነውም፤ እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ተተኪ ሠራተኛ ካልተመደበ ፈቃዱ የሚገኘው በጓደኛ ጀርባ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንዷ ማረፍ ያሳፍራታል፣ ሌላዋ ደግሞ አትለምንም። ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንዲት ተዘዋዋሪ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መደብ ይከፈት፤ ከጤና ኬላ ጤና ኬላ እየተዘዋወረች የዕረፍት ላይ ያሉትን ትተካ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት የሰው ኃይል ዕቅድ ወደ ምክር ቤት ሲልኩ ይህ መደብ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።